ሃሌቡሪ ላይ የሚቆም ቅፍለት

ሕጉ ሲረቀቅ ስለ ሹፌሮች ያሰበ ሰው አልነበረም። ያሳሰባቸው የእስር ቤቱ ጉዳይ ነው። ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ሰው ቢገጭ ማን ይታሰራል? ማሽን አይታሰርም። የሠራው ኩባንያ ባሕር ማዶ ነው፤ የገዛው ድርጅት ደግሞ ጠበቃ አያጣም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንድ መላ ተገኘ። ተሳቢ መኪኖቹ በቅፍለት ተከታትለው ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ቅፍለት ፊተኛ መኪና ውስጥ ግን አንድ ሰው ይቀመጥ ተባለ። ይንዳ አልተባለም፤ ይቀመጥ ነው የተባለው።

የዳምጠው እንጀራ እንግዲህ ይኸው መቀመጥ ነው። ተሳቢዎቹ ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዳማ አንዱ የአንዱን ጭራ ይዞ ይተማሉ፤ እሱ ከፊት ጋቢና ውስጥ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። መሪ የነበረበት ቦታ ለስላሳ ክዳን ተለጥፎበታል። ለሰው ተብሎ የቀረ ነገር ቢኖር ወንበሩ፣ የውሃ ማስቀመጫው እና በቀኝ በኩል ያለው ቀይ እጀታ ነው። እጀታው ሲሳብ ቅፍለቱ በሙሉ ቀጥ ይላል። የሳበውም ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል።

ጠያቂዋ ስምሪት ናት። ድሮ ስምሪት ማለት ጭነት የሚደለድሉ፣ ስልክ ጆሮ ላይ የሚዘጉ፣ ሹፌር የሚያመናጭቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ክፍል ነበር። አሁን ድምፅ ብቻ ናት፤ ትሑት የሴት ድምፅ። አትቆጣም። "አቶ ዳምጠው፣ ወንበሩን ለቀዋል። ደህና ነዎት?" ትላለች፤ ከዚያ ትመዘግባለች። ነባር ሹፌሮች የድሮዎቹ ስድብ እንደሚሻል ይናገራሉ፤ ስድብ ከተናገሩት በኋላ ይረሳል።

ለመቀመጥ የተቀጠረው ዳምጠው ግን መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ትልቁ አንጀቱ ይቆስላል፤ ይድናል፤ መልሶ ይቆስላል። ሲነሳበት ቀጠሮ አይሰጥም። ሆዱን ጨምድዶ ይይዘውና ወይ አሁን ወይ ውርደት ይለዋል። ደምም አለው። ሐኪሙ "ዕድሜ ልክ አብሮህ የሚኖር ነው፣ ልመደው" ብሎት ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ዞረ። ዳምጠውም ለመደው። ጉዞ ሲኖረው ከዋዜማው ጀምሮ ከጥቂት ነጭ ሩዝ በቀር አይቀምስም፤ ጎረቤቶቹ ጾመኛ ነው ይሉታል። አዳማ የተከራየው ቤት ፀሐይ የማይገባበት ጠባብ ክፍል ነው፤ የመረጠው የራሱ ሽንት ቤት ስላለው ብቻ ነው። ሠርግ አይጠራም፤ ቢጠራም አይሄድም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ ከመሃል ተነስቶ የሰው ጉልበት እየተራመደ መውጣት ሞቱ ነው። በር ላይ ቆሞ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይመለሳል። እድርተኛው ኩራተኛ የሚል ስም አውጥቶለታል።

እህቱ ወይንሸት በእናታቸው ሰልስት ዕለት ጥሎ ጠፋ ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች። ሩቅ አልሄደም ነበር። ጓሮ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ቆልፎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የገዛ እናቱን ለቅሶ ከቆርቆሮ ጀርባ ሆኖ ሰማው።

እግሩ ቢሰበር ኖሮ ይነግራት ነበር። እግሩ የተሰበረን ሰው ብርቱካን ይዘው ይጠይቁታል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "እግዜር ይማርህ" ይሉታል። የዚህኛው በሽታ ወሬ ግን እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ስላልተናገረ የጠየቀው የለም። እግዜር ይማርህ ያለውም የለም። ሐኪሙም አላለውም፤ እሱ መድኃኒት ነው ያዘዘለት። ዳምጠው አንዳንድ ቀን ይህ ከሕመሙ የበለጠ ያንገበግበዋል።

ለድርጅቱማ ፈጽሞ አይነገርም። በየዓመቱ ስምሪት ጤናውን ስትጠይቀው "ጤና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ይላል። ወንበር ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ለወንበር አይቀጠርም። ሥራው ከሄደ ደግሞ መድኃኒቱ አብሮ ይሄዳል፤ አንጀቱን የሚያበርድለት መርፌ የሚገኘው ጅቡቲ ነው፣ ጅቡቲ የሚያደርሰው ሥራው ነው። አንድ ክረምት መርፌው ጠፍቶ ነበር። ያን ክረምት ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ በእምብርክክ እየሄደ ነው ያሳለፈው።

በመንገዱ ላይ እንዲነሳ የሚፈቀድለት ድንበሩ ላይ ጋላፊ፣ ከዚያም ሚሌ ብቻ ነው። ከሚሌ እስከ አዋሽ ያለው ረጅም ነው፤ ወበቅ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ። እዚያ መሃል ያለ ምክንያት የተነሳ ሰው ጥፋተኛ ነው። ዳይፐር ሞክሯል። አንድ ቀን ከዳይፐሩም ከሱሪውም አልፎ ወንበሩ ላይ ደረሰና ስምሪት "አቶ ዳምጠው፣ ጋቢናው ውስጥ የተበላሸ ምግብ አለ?" ብላ ጠየቀችው። "አዎ፣ ዓሣ ነው" አላት። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። በሌላ ቀን መቋቋም አቅቶት ወርዶ ተመዘገበ፤ ሁለተኛም ተመዘገበ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያውን ተቀብሏል። ሌላ አንድ ጥፋት ከተገኘበት ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ያዳነችው ሃሌቡሪ ናት።

ሃሌቡሪ ከሚሌ አለፍ ብላ ያለች የሞተች ከተማ ናት። ዳምጠው በወጣትነቱ ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሳለ ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ አልጋ ቤቱ መኪና ሲጠብቁ ያመሹ ነበር። መኪኖቹ መቆም ሲተዉ ከተማዋ በአንድ ዓመት አለቀች። ቀጥሎ በመንገዱ ዳርና ዳር ሰው እንዳይኖር ታወጀ፤ የመንገድ ጥበቃዎች መጥተው የቀሩትን ሰዎች ወደ ሰፈራ ወሰዱ። ሰፈራው ቤቶቹ በመደዳ የተሠሩበት፣ ፍየል ማስገባት የተከለከለበት ቦታ ነው። ሻይ ቤት የነበራት አፋሯ ሞሚና ግን የሚወስዷት ቀን ከፍየሎቿ ጋር ገደል ውስጥ ተደብቃ ውላ፣ ማታ ወደ ባዶዋ ከተማ ተመለሰች። አሁን ሰባ ሳይሞላት አይቀርም። ሃሌቡሪ ውስጥ ከእሷ በቀር የቀረ ሰው የለም።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ከገደሉ የተንከባለለ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ ቅፍለቱ ሃሌቡሪ ጥግ ላይ ቆመ። መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ለማንሳት ሰውየው እንዲወርድ ሕጉ ይፈቅዳል። ዳምጠው ወርዶ ድንጋዩን አልፎ ሮጠ፤ ከድሮው ሻይ ቤት ጀርባም ሽንት ቤት አገኘ። ሲወጣ ሞሚና ፍየሎቿ መሃል ቆማ ታየዋለች። ያወቀችው በድሮው ስሙ ነበር።

"ሹፌር" አለችው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። "ሆድህ ነው?"

ወደ ድንጋዩ ሄዶ ከመንገዱ ገፋው። ውሃ የጠማት መሰለውና የጋቢናውን ጀሪካን አውርዶ ሰጣት። በሚቀጥለው ጉዞው እዚያው ጥግ ላይ ሦስት ድንጋዮች መንገዱ መሃል ተደርድረው አገኘ። ከገደል የወረዱ አይመስሉም ነበር። ሽንት ቤቱም ተጠርጎ፣ በሩ ላይ ጆንያ ተሰቅሎለት ነበር። ስለዚህ ነገር በመካከላቸው አንድም ቃል አልተነገረም። ማክሰኞና ቅዳሜ ድንጋይ ትደረድራለች፤ እሱ ይወርዳል፣ ደርሶ ይመለሳል፣ ድንጋዩን ያነሳል፣ ውሃ ትቶላት ይሄዳል። ስምሪት "እንቅፋት ተነስቷል፣ እናመሰግናለን" ትለዋለች።

በዚህ ቅዳሜ ከሚሌ እንደወጡ ስምሪት ደስ የሚል ዜና እንዳላት ነገረችው።

"አቶ ዳምጠው፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊት ላይ መጥረጊያ ተገጥሞልዎታል። ቀላል እንቅፋት ሲያጋጥም ሳንቆም እንጠርገዋለን። ከእንግዲህ በፀሐይ ወርደው አይደክሙም።"

ዳምጠው ከመስታወቱ ሥር አሻግሮ አየ። ቢጫ የብረት ምላጭ መንገዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጋላፊ ላይ ሲገጥሙት እሱ ሽንት ቤት ነበር።

"ድንጋይም?" አላት።

"ድንጋይም። የሚያቆመን ከባድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይም ቆሞ የሚታይ ሰው።"

ሆዱ መጀመሪያ ጉርምርም አለ። ቀጥሎ በግራ በኩል የሚያውቃት ቁርጠት መጣች፤ ሄደች፤ ጠንክራ ተመለሰች። ከንፈሩን ነክሶ የመንገዱን ዳር ምሰሶዎች ማየት ያዘ። ትርፍ ሱሪ ከወንበሩ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አለ፤ ግን ሱሪ መቀየርም ከወንበር መነሳት ነው። ሞሚና አሁን ድንጋዮቿን ተሸክማ እየደረደረች ይሆናል። ምላጩ ድንጋዮቿን አስፈንጥሮ ሲያልፍ፣ እሱም በመስኮት አይቷት ሲያልፍ ታየው። እጁን ያወዛውዝላት ይሆን? ሰው ምን ይላል እንዲህ ባለ ጊዜ?

የመጀመሪያውን ቅጠል ያየው ያን ጊዜ ነው።

አስፋልቱ መሃል የተጣለ የግራር ቅርንጫፍ ነበር፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ምላጩ ወደ ዳር ወረወረው። ጥቂት ሄድ ብሎ ሌላ ቅርንጫፍ። ከዚያ ሌላ፤ አሁን ጠጋ ጠጋ ብለው። የዳምጠው ጀርባ ከወንበሩ ተላቀቀ። ረዳት ሳለ መኪና ሲበላሽባቸው ሹፌሩ ገጀራ ሰጥቶት "ሂድ ቅጠል ቁረጥ" ይለው ነበር። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይጀምርና ወደ መኪናው እየቀረበ ይጥላል። ቅጠል ያየ ሹፌር ፍሬን ይይዛል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ፊት ለፊት የተቸገረ ሰው አለ ማለት ነው። መኪና መበላሸት ከተወ ወዲህ በዚህ መንገድ ቅጠል የቆረጠ ሰው የለም። ሞሚናም ቅጠል ጥላለት አታውቅም። የእነሱ ነገር ድንጋይ ነበር።

"ስምሪት፣ ፍጥነት ቀንሺ።"

"ምክንያት አላየሁም። ቀላል ፍርስራሽ ነው።"

ከፊት ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል። ጥጉ ላይ፣ ልክ ድንጋዮቹ በሚደረደሩበት ቦታ፣ ዝቅ ያለ ቡናማ ነገር አለ።

"ያ ምንድን ነው?"

"ቀላል ነገር ነው። ጨርቅ ወይም ከረጢት ሊሆን ይችላል። ይጠረጋል።"

እጁ ቀዩ እጀታ ላይ ደርሶ ቆመ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ፈራ። ከረጢትም ሊሆን ይችላል። ሞሚና ድንጋይ ማንሳት ከብዷት ቅጠል ጥላ፣ እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀው ይሆናል። ለከረጢት ካቆመ ሥራው አበቃ፤ መርፌውም አበቃ፤ ያ ክረምት ይመለሳል። ቁርጠቱም በዚህ መሃል አልለቀቀውም። አቁም አቁም የሚለው ልቡ ይሁን አንጀቱ ለራሱም አልለየለትም።

ከረጢቱ ራሱን ቀና አደረገ።

ዳምጠው እጀታውን ሳበው። ፍሬኑ አጓራ፤ ከኋላ ያሉት ተሳቢዎች አንድ በአንድ እየተንገጫገጩ ቆሙ፤ ከመንገዱ የተነሳ አቧራ ጋቢናውን ዋጠው። በሩን ከፍቶ ወረደ። ሞሚና አስፋልቱ መሃል እግሯን አጣጥፋ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ምላጩ ከጉልበቷ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

"እማማ ሞሚና! ምን ነካሽ? አብደሻል እንዴ!"

"ጠዋት ያለፈው መኪና ድንጋዬን ጠርጎት ሄደ" አለችው አቧራውን እያራገፈች። "ያንተም አይቆምም አልኩ። ቅጠል ደግሞ መኪናው አያውቅም፤ አንተ ታውቃለህ።"

"ቅጠሉ ይበቃ ነበራ! መንገድ ላይ መቀመጥን ምን አመጣው?"

"ለቅጠል ብትቆም ያቺ የመኪናዋ ሴትዮ ታባርርሃለች። ሰው ካለ ግን መቆም ሕግ ነው ብለኸኛል። አላልከኝም?"

ብሏት ነበር። አንድ ቀን እንዲያው ለጨዋታ ያህል የነገራት ነው።

"ባይቆምስ? ከረጢት ነሽ ብላ ልትጠርግሽ ነበር እኮ!"

ሞሚና የማይረባ ነገር እንደጠየቀ ሰው አየችው። "አንተ አለህ አይደል እንዴ ውስጡ?" አለች። "በል ሂድ፣ ሽንት ቤቱ ክፍት ነው። እዚህ ቆመህ ትበላሻለህ።"

ደግፎ ዳር አወጣትና ሄደ። ጆንያውን ወደ ጎን ገልጦ ገባ። ከውጭ ፍየሎቿ ይጮሃሉ፤ በዱላዋ ስታባርራቸው ይሰማል። ስንት ዓመት ሙሉ እሱ ስለ ሽንት ቤት ሲያስብ ኖሯል፤ ስለ እሱ ሽንት ቤት ያሰበ ሌላ ሰው ግን ነበር፤ ሕይወቷን አስፋልት ላይ አስቀምጣ ያሰበች። እዚያው ጎንበስ እንዳለ አለቀሰ። የእናቱን ለቅሶ ጭምር ነው ያለቀሰው።

ሲመለስ ሁለቱንም ጀሪካኖች አወረደላት።

"ሁለቱንም? አንተስ ምን ትጠጣለህ?"

"አዳማ እደርሳለሁ። እማማ፣ ሰው ነበር ብዬ ከተናገርኩ ጥበቃዎች መጥተው እንደሚወስዱሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።" ፍየሎቿን አየት አደረገችና ትከሻዋን ነቀነቀች። "ይውሰዱኛ። እኔ አርጅቻለሁ። አንተ ወዴት ትሄዳለህ? ንገራት። ውሸት አይደለም፤ ሰው ነበር።" ከዚያ ጀሪካኑን እየጎተተች "ካልወሰዱኝ ለማክሰኞ ሌላ መላ እንፈልጋለን" አለች።

"እሺ" አላት ዳምጠው።

ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። አቧራው ከመስታወቱ ላይ ታጥቦ ነበር።

"አቶ ዳምጠው፣ የፊት ካሜራዬን አቧራ ስለሸፈነው የቆምንበትን ነገር አላየሁም" አለች ስምሪት። "በሕጉ መሠረት የእርስዎ ቃል ይጸናል። መንገዱ ላይ ሰው ከነበረ ማቆምዎ ትክክል ነው፤ ምስጋና ይመዘገብልዎታል፤ የቀድሞ ማስጠንቀቂያዎችዎም ይሰረዛሉ። ቦታውን ለመንገድ ጥበቃ አሳውቃለሁ። ሰው ነበር?"

ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስቀምጡት ለዚህች ጥያቄ ኖሯል። ዳምጠው በጎን መስታወት አየ። ሞሚና ወገቧን ይዛ አንዱን ጀሪካን ወደ ሻይ ቤቷ ታንከባልላለች። ሰፈራው ውስጥ፣ በመደዳ በተሠሩት ቤቶች መሃል፣ ያለ ፍየል ስትቀመጥ ለማሰብ ሞከረ።

"ሰው አልነበረም" አለ።

"ታዲያ ለምን አቆሙ?"

ቃሉ ስንት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ሲዞር ስለኖረ እንደሚከብድ ጠብቆ ነበር። ሲወጣ ግን አልከበደም።

"ሆዴን ያመኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቆየ። ከብዙ ዓመት ጀምሮ። አንጀቴ ይቆስላል፤ ደም ያስቀምጠኛል። ያን ቀን ዓሣ ነው ያልኩሽም እኔው ነኝ።" አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው። ስለ ሩዙ ነገራት፤ ስለ ድንኳኑ፤ ጓሮ ሆኖ ስለሰማው የእናቱ ለቅሶ። ማንም እንዲህ ዝም ብሎ አዳምጦት አያውቅም።

"ይህ በጤና መግለጫዎ ላይ የለም" አለች ስምሪት ሲጨርስ።

"የለም። ደብቄ ነው።"

"ተመዝግቧል። አዳማ ሲደርሱ ወንበሩን ያስረክባሉ። የጅቡቲ መግቢያ ፈቃድዎ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል።"

ሞተሩ ተነሳ። ከኋላ ተሳቢዎቹ አንድ በአንድ ፍሬናቸውን ለቀቁ። በመስታወቱ ውስጥ ሞሚና ጀሪካኑን አስቀምጣ ተመልሳ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ከአስፋልቱ ላይ የቀሩትን ቅጠሎች ትለቅማለች። ስምሪት የጨረሰች መስሎት ነበር። ሲሠሯት ግን አንዱ፣ የዚህ አገር ልጅ ይሆናል፣ የታመመ ሰው ፊት ምን እንደሚባል አስተምሯት ኖሯል።

"እግዚአብሔር ይማርዎት፣ አቶ ዳምጠው" አለችው።

ዳምጠው ብዙ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነበረና፣ ከማን እንደመጣ ሊያማርጥ አልቻለም።

"አሜን" አለ፤ እጁንም ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።